መስል ካሮች ሱፐርቻርጀርን አልወለዱትም

ስለ አሮጌ የአሜሪካ መኪኖች በአማርኛ ብዙ አይጻፍም። ስለዚህ ሰሞኑን ወደ ሞተር ተጨማሪ አየር ስለሚገፋው መሣሪያ፣ ስለ ሱፐርቻርጀር አመጣጥ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሳገኝ ሻይዬን ይዤ ነው የተቀመጥኩት። አጻጻፉ ይጥማል። ጸሐፊው መኪና እንደሚወዱም ያስታውቃል። ታሪኩ ግን ተገልብጧል።

የጻፉት ባጭሩ ይህ ነው። ሱፐርቻርጀር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች የአሜሪካ መኪና ፋብሪካዎች ከተማ ወደሆነችው ዲትሮይት መጣ። በ1960ዎቹ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በፈረስ ጉልበት ሲፎካከሩ መስል ካሮቻቸው (ትልቅ ሞተር የያዙ ጉልበታም መኪኖቻቸው) ላይ ገጠሙት። ከኮፋኖ በላይ ብቅ የሚለው ብሎወር (አየር መንፊያው) የዚያ ፉክክር ምልክት ሆነ። ዋጋው የሀብታም ስለነበር ተራው ሰው አልደረሰበትም። በመጨረሻም የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ገደለው። መሀል ላይ ደግሞ «ቱርቦ እና ሱፐርቻርጀር ያው ናቸው» የምትል ዓረፍተ ነገር ጣል አድርገዋል።

እኔ የምለው ከዚህ ተቃራኒውን ነው። በአሜሪካ ሱፐርቻርጀር የትልልቆቹ ጉራ አልነበረም። አብዛኛውን ጊዜ የያዙት ትልቅ ሞተር ለመሥራት ገንዘብ ያጠራቸው፣ ወይም የውድድር ሕግ ትልቅ ሞተር የከለከላቸው ሰዎች ናቸው። ነጥብ በነጥብ እንየው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ቱርቦ እና ሱፐርቻርጀር ያው ናቸው»

ዝምድና አላቸው፤ ያው ግን አይደሉም። ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ነዳጅ አቃጥሎ ነው። ነዳጅ ደግሞ ያለ አየር አይቃጠልም። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየር ይስባል፤ የሚያገኘው ግን በዙሪያው ያለው የአየር ግፊት የፈቀደለትን ያህል ብቻ ነው። ሁለቱም መሣሪያዎች ከዚያ በላይ አየር ወደ ሲሊንደር ይገፋሉ። ልዩነቱ ማን ያሽከረክራቸዋል የሚለው ላይ ነው። ቱርቦን የሚያሽከረክረው ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ነው። ሱፐርቻርጀርን ግን ሞተሩ ራሱ፣ በቺንጋ ወይም በጥርስ፣ ያዞረዋል። ቱርቦ ሊባክን በነበረ ጉልበት ይሠራል፤ ጭሱ እስኪበረታ ግን ትንሽ ያስጠብቃል። ሱፐርቻርጀር ጭስ አይጠብቅም፤ ከሞተሩ ጉልበት ላይ ግን ድርሻውን ቀድሞ ይወስዳል።

ሱፐርቻርጀር ራሱም ሁለት ዋና ዋና ዓይነት አለው። ይህን ካልለየን የሚቀጥለው ሁሉ ይምታታል። አንዱ ሩትስ ነው። እርስ በርስ የሚጠላለፉ ሁለት ሮተሮች አየሩን በዳር በዳር እያፈሱ ወደ ሞተሩ ይገፉታል። ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ይሠራል። ሌላው ሴንትሪፉጋል ነው። በጣም ፈጥኖ የሚዞር ፋን አየሩን ከመሀል ወደ ዳር ይወረውረዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ዝቅ ባለ ዙር እንቅልፋም ነው፤ ዙሩ ሲጨምር ግን ይነቃል።

ከኮፋኖ በላይ የሚታየው ትልቁ ብሎወር ሩትስ ነው። ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ከአሜሪካ ፋብሪካዎች ሱፐርቻርጀር ገጥመው የወጡት ታዋቂ የመንገድ መኪኖች ግን የተጠቀሙት ሴንትሪፉጋሉን ነው። ይህ ብቻውን የጸሐፊውን ታሪክ ግማሽ ያፈርሰዋል።

«ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች የመጣ ነው»

ሩትስ የሚለው ስም የመጣው ከሁለት ወንድማማቾች ነው። ፊላንደር እና ፍራንሲስ ሩትስ በኢንዲያና ክፍለ ግዛት፣ ኮነርስቪል በምትባል ከተማ የሱፍ ፋብሪካ ነበራቸው። ለብሎወራቸው የፈጠራ መብት ያገኙት በ1860 ነው። ያኔ አውሮፕላን ቀርቶ መኪናም አልነበረም። መሣሪያው ለብረት ማቅለጫ ምድጃ አየር ይነፋ ነበር፤ ለማዕድን ጉድጓድም ንጹሕ አየር ያስገባ ነበር። የአንጥረኛ ወናፍ በፋብሪካ መጠን ሲሠራ ማለት ነው።

አየርን በግፊት ወደ ሞተር የማስገባቱን ሐሳብ ጎትሊብ ዳይምለር በ1885 ጀርመን ውስጥ በፈጠራ መብት ሰነዱ ላይ አስፍሮታል። አሜሪካ ውስጥ መኪና ላይ ገጥሞ ያሳየው ደግሞ ሊ ቻድዊክ ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ «ግሬት ሲክስ» የሚባል ግዙፍ ባለ ስድስት ሲሊንደር መኪና ይሠራ ነበር። ሞተሩ ከ11 ሊትር በላይ ነበር። እዚህ ላይ ቻድዊክ ለእኔ ክርክር አይመችም፤ የሞተር ትልቀት አልጎደለውም። የጎደለው ትንፋሽ ነው። ያን ሁሉ ሲሊንደር ለመሙላት በቫልቮቹ የሚገባው አየር አልበቃም። ስለዚህ በቺንጋ የሚዞር ሴንትሪፉጋል መንፊያ ገጠመለት። በ1908 ዊሊ ሃውፕት ይህን መኪና ይዞ ዊልክስ ባሬ አጠገብ በሚገኘው «ጃይንትስ ዲስፔር» ዳገት ላይ ውድድሩን አሸነፈ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ገና ከ30 ዓመት በላይ ይቀረው ነበር።

አውሮፕላንን ማንሳታቸው ራሱ ስህተት አይደለም። ጦርነቱን ነው የሳቱት። ወሳኙ ሥራ የተሠራው በአንደኛው ነው። የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ሳንፎርድ ሞስ በ1918 አንድ የሊበርቲ አውሮፕላን ሞተር በመኪና አስጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ላይ ወጣ። ከፍታው 4,300 ሜትር ገደማ ነው። ታች 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚያ ላይ ወደ 230 ወረደ። በጭስ የሚዞረውን መሣሪያ ሲገጥሙለት 356 ሰጠ። አዲስ አበባ መኪና የነዳ ሰው ይህ ሙከራ ቶሎ ይገባዋል። 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር ጉልበቱን በአንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። እንጦጦን ሲወጣ የሚያቃስት አሮጌ መኪና ሁልጊዜ ሞተሩ ስላረጀ አይደለም።

ለሽያጭ በተዘጋጁ የመንገድ መኪኖች ላይ ቀድመው የገጠሙት ደግሞ ጀርመኖች ናቸው። መርሰዲስ በ1921 በርሊን ላይ ሩትስ ብሎወር ያላቸውን ሞዴሎች አሳየ። ብሎወሩ ሁልጊዜ አይዞርም ነበር። ሹፌሩ የቤንዚን መርገጫውን እስከ መጨረሻ ሲረግጠው በክላች ይያዝና እየጮኸ ይነሳል። ይህን የማነሳው ጸሐፊው «በእርግጠኝነት የአሜሪካ ፈጠራ» ስላሉት ነው። የአሜሪካም፣ የጀርመንም እጅ አለበት።

የጸሐፊው ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ የዘለለው ምዕራፍ ደግሞ ኢንዲያናፖሊስ ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚጣፍጠው ይሄ ነው።

በ1920ዎቹ የኢንዲያናፖሊስ 500 (በአጭሩ ኢንዲ) የመኪና ውድድር አዘጋጆች የሞተርን መጠን ቀነሱት። ከ1923 ጀምሮ 2 ሊትር ብቻ፣ ከ1926 ጀምሮ ደግሞ 1.5 ሊትር ብቻ ተፈቀደ። ዓላማቸው ፍጥነትን መግታት ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። ሞተሩን ማሳደግ ሲከለከል መሐንዲሶቹ ወደ አየሩ ዞሩ። በ1924 የዱሰንበርግ መኪና በሴንትሪፉጋል ሱፐርቻርጀር አሸነፈ። ኤል ኤል ኮረም ጀምሮት ጆ ቦየር ነው የጨረሰው። ሱፐርቻርጀር ያለው መኪና ያሸነፈበት የመጀመሪያው ኢንዲ ያ ነው። በቀጣዩ ዓመት ፒት ዴፓውሎ በዱሰንበርግ አማካይ ፍጥነቱን በሰዓት ከ100 ማይል፣ ማለትም ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ አደረሰው። በዚያ ውድድር ታሪክ ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ሰው ነው።

ከዚያ ሃሪ ሚለር መጣ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በነበረው ወርክሾፑ፣ ከንድፍ ሠሪው ከሊዮ ጉሰን እና ከፍሬድ ኦፈንሃውዘር ጋር ሆኖ «ሚለር 91»ን ሠራ። 1.5 ሊትር ሞተር፣ ስምንት ትናንሽ ሲሊንደር በአንድ ረድፍ፣ ኋላው ላይ ሴንትሪፉጋል ሱፐርቻርጀር። ከ150 የፈረስ ጉልበት በላይ ይሰጥ ነበር። ያን ጊዜ ብዙ የመንገድ መኪኖች በእጥፍ በሚበልጥ ሞተር የዚያን ግማሽ እንኳን አይደርሱም።

ይህን መኪና ከሁሉ የበለጠ የተረዳው ፍራንክ ሎክሃርት የሚባል ወጣት ነው። በ1926 ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንዲ ላይ ተወዳድሮ አሸነፈ። ከሹፌርነቱ ይልቅ ጭንቅላቱ ነው የሚያስገርመኝ። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። የሞቀ አየር ደግሞ ይሳሳል፤ ሱፐርቻርጀሩ የሰጠውን ግማሹን ሙቀቱ መልሶ ይወስደዋል ማለት ይቻላል። ሎክሃርት በመንፊያውና በሞተሩ መካከል ማቀዝቀዣ ገጠመ። ዛሬ ኢንተርኩለር የምንለው ነው። አሁን በናፍጣ ፒካፕ ሁሉ ላይ የምናየው ነገር ያኔ የአንድ ወጣት ሯጭ ምስጢር ነበር። በ1927 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሚውሮክ በሚባል ደረቅ ሐይቅ ላይ በዚያች 1.5 ሊትር ሞተር በአንድ አቅጣጫ በሰዓት 171 ማይል ነዳ። 275 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በቀጣዩ ዓመት ሁለት የሚለር ሞተሮችን አጣምሮ የዓለም ፍጥነት ክብረ ወሰን ሲሞክር ዴይቶና ቢች ላይ ጎማው ፈነዳና ሞተ።

በ1930 ኢንዲ ሕጉን ቀየረ። ትልቅ ሞተር ተፈቀደ፤ ሱፐርቻርጀር ተከለከለ። ሁለቱ አብረው መምጣታቸውን ልብ በሉ። ትንሽ ሞተር ሲታዘዝ ሱፐርቻርጀር ይገባል፤ ትልቅ ሞተር ሲፈቀድ ይወጣል። ይህ ነገር ወደፊት ደጋግሞ ይመጣል።

«የሀብታም መጫወቻ ነበር»

ጸሐፊው ይህን ሲሉ ዱሰንበርግ ኤስጄን ነው ያሰቡት ብዬ እገምታለሁ። እሷ ላይ ትክክል ናቸው። በ1932 የወጣችው ኤስጄ 6.9 ሊትር ሞተር ነበራት። ያለ ሱፐርቻርጀር 265 የፈረስ ጉልበት የነበረው በሱፐርቻርጀር 320 ሆነ። የዱሰንበርግ ሞዴል ጄ ሻሲ ብቻውን፣ ያለ አካል፣ ሲወጣ 8,500 ዶላር ይሸጥ ነበር። በዚያው ዘመን አንድ አዲስ ፎርድ በ500 ዶላር አካባቢ ይገኛል። የተሠሩት ኤስጄዎች 36 ያህል ብቻ ናቸው። የፊልም ተዋናዩ ጋሪ ኩፐር የነዳት አጭሯ ኤስኤስጄ በ2018 ጨረታ ላይ 22 ሚሊዮን ዶላር አውጥታለች። ሀብታም ከተባለ ከዚህ በላይ የለም።

ግን ዱሰንበርግ እንኳን ሱፐርቻርጀር ያስፈለጋት ለምን እንደሆነ እንይ። ካዲላክ በ1930 ባለ 16 ሲሊንደር 7.4 ሊትር ሞተር አመጣ። ማርሞንም ባለ 16 አመጣ። እነሱ ሲሊንደር ጨመሩ። ዱሰንበርግ ሌላ አዲስ ሞተር ከመንደፍ ከኢንዲ የሚያውቁትን ጥበብ ጨመሩ። ፍሬድ ዱሰንበርግ በ1932 በመኪና አደጋ በደረሰበት ጉዳት ሞተ፤ ስሙ ግን አልወረደም። በ1935 ኤብ ጄንኪንስ በዱሰንበርግ ቦንቪል በሚባል የጨው ሜዳ ላይ ለ24 ሰዓት በአማካይ በሰዓት 218 ኪሎ ሜትር ነዳ።

ቁልቁል ስንወርድ ደግሞ ወዲያው ሌላ ዓለም እናገኛለን። ኦበርን የዱሰንበርግ እህት ኩባንያ ነበረች። በ1935 ገንዘብ የላትም። ንድፍ ሠሪው ጎርደን ቡሪግ ከቀደመው ስፒድስተር ሞዴል የተረፉ አካላትን አስተካክሎ አዲስ መኪና አወጣ። ያችን ጀልባ ጭራ የመሰለች ውብ ኦበርን 851 የወለደው እጥረት ነው። ሞተሯ 4.6 ሊትር ነው። ያለ ሱፐርቻርጀር 115፣ በሱፐርቻርጀር 150 የፈረስ ጉልበት። በሰዓት ከ100 ማይል በላይ መነዳቷን የሚመሰክር፣ የኤብ ጄንኪንስ ፊርማ ያለበት ሳህን ዳሽቦርዷ ላይ ይለጠፋል። ዋጋዋ 2,245 ዶላር ነበር። ርካሽ አይደለም፤ የዱሰንበርግ ሻሲ ሩብ ገደማ ግን ነው። ሌላዋ እህት ኮርድ 812 በ1937 ከ125 ወደ 170 የፈረስ ጉልበት ከፍ አለች። ከኮፋኖው ጎን የሚወጡት አብረቅራቂ ቱቦዎቿ የሱፐርቻርጀሯ መለያ ናቸው።

ጸሐፊውን ሙሉ በሙሉ የሚረታው ግን ግራም ነው። ስሙን እንኳን አላነሱትም። ሦስቱ የግራም ወንድማማቾች የሚሠሩት ለመካከለኛ ገቢ ሰው ነበር። በ1934 መሐንዲሳቸው ፍሎይድ ኪሽላይን የነደፈውን ሴንትሪፉጋል ሱፐርቻርጀር በባለ ስምንት ሲሊንደር መኪናቸው ላይ ገጠሙ። 135 የፈረስ ጉልበት። ቀጥለው ወደ ባለ ስድስቱ አወረዱት። መካከለኛ ዋጋ ባለው የአሜሪካ መኪና ላይ ሱፐርቻርጀር ያኔ ነው የመጣው። ግራም እስከ 1940 ድረስ ሲሠራ ቆይቷል፤ በዘመኑ የእሱን ያህል ሱፐርቻርጀር ያላቸው መኪኖች የሸጠ የአሜሪካ ፋብሪካ አልነበረም። ገዢዎቹ የፊልም ተዋናዮች አልነበሩም። የሱቅ ባለቤቶች፣ ሐኪሞች፣ ሻጮች ነበሩ። ለአዲስ ቪ8 (ስምንት ሲሊንደሮቹ በቪ ቅርጽ የተደረደሩ) ሞተር የሚሆን ካፒታል ያልነበረው ፋብሪካ በስድስት ሲሊንደር የባለ ስምንቱን ጉልበት ለመስጠት የሞከረው በዚህ መንገድ ነው።

«ብሎወሩን ከኮፋኖ በላይ ያወጡት ፋብሪካዎቹ ናቸው»

አንድም ትልቅ የአሜሪካ ፋብሪካ በ1960ዎቹ እንዲህ ያለ መኪና ለሕዝብ አልሸጠም። በክላሲክ መኪና ትርኢት ላይ ኮፋኖው ተቀዶ ብሎወር ያወጣ የ1969 ካማሮ ብታዩ፣ ያ ኮፋኖ የተቀደደው ጋራዥ ውስጥ ነው።

ብሎወሩ ታዲያ ከየት መጣ? ከአውቶቡስ ነው ብል አልዋሸሁም። ጄኔራል ሞተርስ በ1938 «71 ሲሪስ» የሚባል የናፍጣ ሞተር አወጣ። 71 እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚይዘው ኩቢክ ኢንች ነው። ስድስት ሲሊንደር ያለው 6-71 ይባላል። ሞተሩ ባለ ሁለት ምት ነው። ባለ ሁለት ምት ናፍጣ ደግሞ እንደ ተራው ሞተር በፒስተኑ አየር ስቦ የሚሞላበት ምት የለውም። ጭሱን ጠራርጎ አዲስ አየር የሚያስገባለት ሌላ ነገር ይፈልጋል። ለዚህ ነው ጎኑ ላይ ትልቅ ሩትስ የተሰካበት። ጸሐፊው «ሱፐርቻርጀር ያለው የጭነት መኪና ሞተር» ያሉት ይህን ነው። ግን እዚያ ላይ ብሎወሩ ተጨማሪ ጉልበት ለመስጠት አይደለም። ያለ እሱ ሞተሩ ጭራሽ አይነሳም።

ይህ ሞተር አውቶቡስ ነዳ፣ የጭነት መኪና ነዳ፣ በጦርነቱም የሂጊንስ ጀልባዎችን ወደ ባሕር ዳርቻ አደረሰ። ሁለቱ ተጣምረው ሸርማን ታንክም ላይ ገብተዋል። ጦርነቱ ሲያበቃ ገበያው በጦር ትርፍ ዕቃ ተጥለቀለቀ። በካሊፎርኒያ ከሠራዊት የተመለሱ ልጆች ደግሞ የድሮ ፎርዶችን እያፈጠኑ በደረቅ ሐይቆች ላይ ይወዳደሩ ነበር። ባርኒ ናቫሮ በ1940ዎቹ መጨረሻ ትንሹን 3-71 ብሎወር በፎርድ ፍላትሄድ ቪ8 ላይ ገጠመ። ሌሎቹ ተከተሉ። በ1950ዎቹ የክራይስለር ሄሚ ሞተር ሲመጣ ትልቁ 6-71 ተስማሚ ጓደኛውን አገኘ። ብሎወሩ ከላይ ካርቡሬተሮቹን፣ ከታች ሞተሩን ይዞ በቺንጋ ሲዞር ቁመቱ ከኮፋኖ በላይ ይሆናል። የተቀደደው ለዲዛይን ሳይሆን ቦታ ስለጠፋ ነው።

ዎሊ ፓርክስ በ1951 ብሔራዊ የሆት ሮድ (እንዲፈጥኑ የተሻሻሉ መኪኖች) ማኅበሩን ሲመሠርት ይህ ሁሉ ልጅነቱን አልጨረሰም ነበር። ዛሬም በድራግ ውድድር (በአጭር ቀጥተኛ መንገድ በሚደረግ የፍጥነት ውድድር) ከፍተኛው ደረጃ ላይ የሚታዩት ብሎወሮች የዚያ ናፍጣ ዘር ናቸው። ስማቸው ላይ 71 ቁጥር አልጠፋም። ብሎወሩን ለማዞር ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር የፈረስ ጉልበት ይሄዳል። አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም፦ 6 ሲባዛ በ71፣ 426 ነው። ታዋቂው የክራይስለር ሄሚም 426 ኩቢክ ኢንች ነው። ግጥምጥሞሽ ነው፤ ግን ደስ ይላል።

«በ1960ዎቹ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ገጠሙት»

እዚህ ላይ ነው ዋናው ጭቅጭቃችን።

ፋብሪካዎች ከጦርነቱ በኋላ ሱፐርቻርጀር የገጠሙት በ1950ዎቹ ነው፤ አብዛኞቹም ትልልቆች አልነበሩም። ሱፐርቻርጀሩን የሚሠራላቸው ሮበርት ማካለክ ነበር። የዛፍ መቁረጫ መጋዝ የሚያመርተው ያው ማካለክ። ሰውዬው በ1968 የለንደንን ድልድይ ገዝቶ፣ ድንጋዩን በድንጋይ አስፈትቶ አሪዞና በረሃ ላይ ያስተከለ ነው። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ሱፐርቻርጀር መጠበቅ አይከብድም።

የመጀመሪያው ደንበኛ ካይዘር ነው። የግራምን የመኪና ሥራ የወረሰው የካይዘር ፍሬዘር ኩባንያ መሆኑ ያስቃል። ካይዘር በ1954 ብዙ ተፎካካሪዎቹ ቪ8 ሲሸጡ እሱ 3.7 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ብቻ ነበረው። አዲስ ሞተር ለመሥራት ገንዘብ የለም። ማካለክን ገጠመና ከ118 ወደ 140 የፈረስ ጉልበት ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ከአሜሪካ የቤት መኪና ገበያ ወጣ።

ቀጥሎ ስቱድቤከር። ክርክሬን በአንድ መኪና አሳይ ብትሉኝ ጎልደን ሆክን ነው የምጠራው። በ1956 ከፓካርድ የመጣ 5.8 ሊትር ሞተር ነበራት፤ 275 የፈረስ ጉልበት። ሞተሩ ከባድ ስለነበር አፍንጫዋን ይጫናት ነበር። የፓካርድ ሞተር ምርት ሲቆም ስቱድቤከር የራሱ 4.7 ሊትር ብቻ ቀረው። በ1957 እሱ ላይ የማካለክን ሱፐርቻርጀር ገጠመ። ውጤቱ ስንት ሆነ? 275። በትክክል ያው ቁጥር። ሱፐርቻርጀሩ የመጣው የጠፋውን 1.1 ሊትር ለመተካት ነው።

ከትልልቆቹ በዚያ ጊዜ የገባበት ፎርድ ነው። በ1957 5.1 ሊትር ሞተሩ ላይ የማካለክን ገጥሞ 300 የፈረስ ጉልበት አወጣ፤ ከ200 የሚበልጡ ተንደርበርዶችም እንዲሁ ወጥተዋል። ምክንያቱ የናስካር የመኪና ውድድር ነበር። ናስካር ግን በዚያው ዓመት ጸደይ ሱፐርቻርጀርን ከለከለ፤ ፎርድም ተወው። ሕጉ ሲከለክለው ትልቁ ፋብሪካ አማራጭ ነበረው፤ ሞተሩን ማሳደግ። ስቱድቤከር ግን አልነበረውም። ስለዚህ በ1963 አቫንቲን ይዞ ተመለሰ። አር2 የሚባለው ሞተር ያው 4.7 ሊትር ነው፤ ከፓክስተን ሱፐርቻርጀር ጋር። የአየሩ ግፊት ሲጨምር ነዳጁ ያለ ጊዜው እንዳይፈነዳ ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበትን መጠን ከ10.25 እጥፍ ወደ 9 እጥፍ አወረዱት። የፓክስተኑ አንዲ ግራናቴሊ አቫንቲን ቦንቪል ወስዶ ክብረ ወሰን ሰበረበት። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ስቱድቤከር የሳውዝ ቤንድ ፋብሪካውን ዘጋ።

አሁን መስል ካሮቹን እንያቸው። ፖንቲያክ በ1964 ጂቲኦን ሲያመጣ ያደረገው ቀላል ነው። ለትልቁ መኪናው የሚሠራውን 6.4 ሊትር ሞተር መካከለኛ አካል ውስጥ ከተተ። ሞተሩ አስቀድሞ ይመረታል፤ መሣሪያው ተከፍሎበታል። ቤንዚን በጋሎን 30 ሳንቲም አካባቢ ነው። በዚህ ሁኔታ ሱፐርቻርጀር ምን ያደርጋል? ዋጋ ይጨምራል፣ ጥገና ይጨምራል። ስለዚህ ጂቲኦም፣ 7 ሊትሩ ሄሚም፣ በ1970 450 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት 7.4 ሊትሩ ሼቬልም ያለ ሱፐርቻርጀር ነው የወጡት።

ለጸሐፊው አንድ ነገር እሰጣቸዋለሁ። ካሮል ሼልቢ በ1966 ለጂቲ350 መኪናው ፓክስተን ሱፐርቻርጀርን በተጨማሪ ክፍያ አቅርቦ ነበር። የገዙት ጥቂት ናቸው። ሼልቢም ከትልልቆቹ አይደለም፤ የጂቲ350ም ሞተር ያው 4.7 ሊትር ነው። ጄኔራል ሞተርስ ራሱ በ1962 አየር በግፊት ሲሞክር በትንንሾቹ ኦልድስሞቢል ጄትፋየር እና ኮርቬር ላይ ነው፤ እሱም ቱርቦ ነበር።

«የነዳጅ ቀውሱ ገደለው»

በ1973 የሚገደል ነገር አልነበረም። አቫንቲ ከቆመች ወደ 10 ዓመት ሆኗታል። ቀውሱ ያደረገው ተቃራኒውን ነው። ትልቁን ሞተር አሳነሰውና አየር በግፊት ማስገባትን መልሶ አመጣው። ቢዩክ በ1978 3.8 ሊትር ቪ6 ላይ ቱርቦ ገጠመ። ፎርድ በ1979 በሙስታንግ ባለ አራት ሲሊንደር ላይ ቀጠለ። ሱፐርቻርጀሩም በ1989 በተንደርበርድ ሱፐር ኩፕ ሲመለስ የገባው 3.8 ሊትር ቪ6 ላይ ነው፤ 210 የፈረስ ጉልበት። ቪ8 ላይ አይደለም።

ጸሐፊው የሚያልሙት መኪና፣ ግዙፍ ቪ8 ላይ ከፋብሪካ የተገጠመ ሱፐርቻርጀር ያለው፣ በእርግጥ አለ። በ1999 ፎርድ ላይትኒንግ ፒካፕ 5.4 ሊትር ይዞ መጣ፤ በ2007 ሼልቢ ጂቲ500 በ500 የፈረስ ጉልበት፣ በ2009 ኮርቬት ዜድአር1 በ638፣ በ2015 ዶጅ ሄልካት በ707። ያ የዲትሮይት ፉክክር እሳቸው እንዳሉት ተካሂዷል፤ የተካሄደው ግን ከ1960ዎቹ 40 ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው።